በውክልና የገዛኋት ቪትዝ

ከወልድያ የወጣሁ ለት ማታ ልጄ ቤዛ የተኛች መስላ ተጋድማ ነበር። ስትተኛ አፏን ከፈት እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ የዚያን ለት ግን ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ዘግታዋለች። እኔም እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ሻንጣዬን ቆለፍኩ። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ የስንቄን ዳቦ ቆሎ በፌስታል ትቋጥራለች፣ ትፈታዋለች፣ መልሳ ትቋጥራለች። በአንዲት ክፍል ውስጥ ሦስታችንም አስመሳዮች ሆነን አመሸን።

«መስከረም ሳይጠባ መጥቼ እወስዳታለሁ» አልኳት እናቴን።

«የየትኛው ዓመት መስከረም?» አለችኝ ቀና ሳትል። እናቴ እንዲህ ናት፤ የሚያጽናና ነገር አፏ ላይ ቢመጣባት እንኳ ውጣው ነው የምታድረው።

ከወልድያ አዲስ አበባ መሄድም ስደት ይባላል ወይ የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ ባሕር አልተሻገርኩም፣ ፓስፖርትም አላወጣሁም፣ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት። ግን የልጅን ትኩሳት በስልክ መለካት ስደት ካልሆነ ሌላ ስም አላውቅለትም። ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ የምሠራበት ትምህርት ቤት ከጦርነቱ በኋላ ሳይከፈት ቀረ። ባሌ ከዚያ ቀደም ብሎ ታሞ ነው የሞተው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከወንድሙ ጋር በጋራ የገዛው መኪና ሲሸጥም ድርሻው ለኔ ደረሰኝ። በዚያ ገንዘብ አንዲት ትንሽ መኪና ልግዛ፣ አዲስ አበባ ላይ በስልክ እየተጠራሁ ሰው ላመላልስ፣ ሰፋ ያለ ቤት ተከራይቼ ቤዛን ላምጣት፤ ሐሳቤ ይኸው ነበር።

መንገድ ላይ ለፍተሻ አስወረዱን። መታወቂያዬን የተቀበለኝ ፈታሽ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ።

«አዲስ አበባ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ሹፌር ልሆን።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ሹፌር ከሆንሽ ለምን በአውቶቡስ መጣሽ?»

«መኪናው ገና አልተገዛማ።»

«መኪና ሳይኖራት ሹፌር ነኝ ትላለች!» ብሎ ለጓደኛው ነገረው። ሁለቱም ስቀው እስኪጠግቡ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ በኋላ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ እንኳ አላናገረችኝም።

ክፍል ያገኘሁት ገርጂ ነው፤ ከኢምፔሪያል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነቡ በር ላይ ቆመው ነው የመረመሩኝ።

«ስንት ናችሁ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«አሁን ብቻሽን ነሽ። በኋላስ?»

«ልጅ አለችኝ፤ አገር ቤት ናት።»

«እዚያው በደንብ ትደግ። እኔ ልጅ አልጠላም፤ ሽንት ቤት የሚያበዛ ሰው ነው የምጠላው። ውኃ ሲመጣ ደግሞ ገላ መታጠብ የለም፤ የሚቀዳው ያኔ ነው።»

«ታዲያ መቼ ልታጠብ እትዬ?»

«ሳይመጣ» አሉኝ፤ ቀልድም አልነበረም።

የመጣሁት በክረምት መግቢያ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። እኛ ዘንድ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከብቱ ሳይቀር ይጠየቃል፤ እዚህ «ሰላም ነው?» ይሉና መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። እንጀራውን ከሱቅ በላስቲክ እገዛለሁ። አንድ ቀን ሾላ ገበያ ሄጄ ሻጯ የወሎ በርበሬ ነው ብላኝ የገዛሁት፣ ቤት ወስጄ ብቀምሰው ከቀለሙ በቀር በርበሬነት የለውም። የዚያን ቀን በበርበሬ ምክንያት ያለቀስኩትን ለእናቴ አልነገርኳትም።

መኪና ፍለጋውን የጀመርኩት ከአትላስ አካባቢ ካለ አንድ የመኪና መሸጫ ነው። መስታወቱ ያብለጨልጫል፣ መኪኖቹ በሰም ታሽተው ይታያሉ። ሻጩ ሱፍ የለበሰ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚደርስ ወጣት ነው። «ሲስ፣ ይቺን እይልኝ፤ ዜሮ ነች ማለት ትችያለሽ። ዱባይ አንዲት ዶክተር ነበረች የያዘቻት፤ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት፣ በቃ!» አለኝ። ቀጥሎ ያለችውን ብጠይቀው እሷንም ዶክተር ነበረች የያዘቻት። ሦስተኛዋንም። ዱባይ ውስጥ ዶክተር ያልሆነች ሴት ያለች አልመሰለኝም።

ባሌ መኪና ስትገዢ የሻጩን አፍ ተዪና የፍሬኑን መርገጫ እዪ ይለኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ገና ልጅ ነኝ ይላል፤ የመርገጫው ጎማ ግን ተልጦ ብረቱ ወጥቷል።

«ዶክተሯ እግሯ ከባድ ነበር?» አልኩት።

ሳቀ፤ አላፈረም። «ሲስ፣ እኔ ጋ ከገዛሽ ግን አንድ ነገር እርግጠኛ ሁኚ፤ ስም ማዛወሩን እኛ ነን የምንጨርሰው። ሳምንት ሳይሞላ ሊብሬው በስምሽ ይወጣል። ከግለሰብ ብትገዢ ትንከራተቻለሽ።»

የሚዋሸኝን ሰው ምክር ልስማ? እያጉረመረምኩ ወጣሁ። ያ ልጅ ከዋሸኝ ነገር ሁሉ መሀል የተናገራት አንዷ እውነት ይቺ ነበረች፤ እኔ ደግሞ እሷንም ከውሸቱ ጋር ደምሬ ጣልኳት።

ደሬ የሚባል ደላላ ከባለቤት እጅ የሚሸጥ አለ ብሎ ወደ ሰሚት ወሰደኝ። መንገድ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሽማግሌ ናቸው፣ የትግራይ ሰው ናቸው። አንቺ ደግሞ ከወልድያ ነኝ ብለሽኛል። ችግር የለም አይደል?» አለኝ።

«የምገዛው መኪናውን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም» አልኩት።

ጋሽ ገብረሕይወት ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ነጯ ቪትዝ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሸራውን ገፈው እንደ ሻጭ ሳይሆን እንደ ከሳሽ ጀመሩ። «ይኼ በር ካልገፉት አይዘጋም። ዘይት ትበላለች። ዳገት ላይ እንደኔ ትደክማለች። ይቺን ጭረት ያመጣት ልጄ ዳዊት ነው፤ ኢምፔሪያል ጋ ሚኒባስ ገጭቶት።»

«ጋሼ፣ እየሸጡ ነው ወይስ እየመሰከሩባት?» አላቸው ደሬ፤ ኮሚሽኑ ዓይኑ እያየ እየቀለጠበት ነው።

መኪናዋን ይነዳ የነበረው ዳዊት ነው። ጦርነቱ ሊጀመር ሰሞን አያቱን ሊጠይቅ አዲግራት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ሞተ የሚል የለም፣ አለ የሚልም የለም። ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው መኪናዋን ያያሉ። «ሲመጣ ምን ሊነዳ ነው?» አሉ ለማንም ሳይሉ። ጋሽ ገብረሕይወት ወደኔ ዞረው፣ «ቆማ እኛን ከምታስለቅስ ሰው እንጀራ ይብላባት» አሉኝ።

ከዚያ አገሬን ጠየቁኝ። ወልድያ አልኳቸው። ሸራውን ማጠፍ ጀምረው ነበር፤ እጃቸው ቆም አለ።

«ቤተሰቦችሽ ደኅና ናቸው?»

«የቀሩት ደኅና ናቸው። የእርስዎስ?»

«የቀሩት ደኅና ናቸው።»

የሸራውን አንድ ጫፍ ይዤ አብሬያቸው አጠፍኩ።

ሒሳቡን ጨርሼ ከፈልኩ፣ ውል በምስክር ተጻፈ። ስም ለማዛወር ብንሄድ «ሲስተም የለም» ተባልን። በነጋታውም የለም። በሳምንቱም የለም። እኛ አገር የሚጠፋው መብራት ነበር፤ እዚህ የሚጠፋው ሲስተም ይባላል። ጋሽ ገብረሕይወት መመላለሱ ሲያደክማቸው፣ «እስከዚያ ሥራ አትፍቺ፤ ውክልና ልስጥሽ» አሉ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ በዚህ ከተማ በሌላ ሰው ስም የሚነዳው መኪና ስፍር ቁጥር የለውም። መንዳቱንም፣ መሸጡንም፣ በራሴ ስም ማዞሩንም የሚፈቅድ ውክልና ፈረሙልኝና፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ማለት እኔ ነሽ» ብለው ሳቁ።

ሥራው ያዘልኝ። ቦሌ ለቦሌ ቀኑን ሙሉ ስመላለስ እውላለሁ። ከኋላ የሚቀመጡት ወጣቶች ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ ያወራሉ፤ እኔ የሚገባኝ ግማሹ ደግሞ ሁልጊዜ ያላለቀው ግማሽ ነው። «ማዘር፣ ኤሲ ክፈቺልን» ይሉኛል፤ በዚህ ብርድ! ቢሆንም ክረምቱ እስኪወጣ ለሁለት ክፍል ቤት የሚበቃ አጠራቅማለሁ ብዬ አሰላሁ። ቤዛንም መኪና ገዛሁ አልኳት። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ አደረ።

ጋሽ ገብረሕይወት ኩላሊታቸውን ሲታመሙ ሐኪም ቤት የማመላልሳቸው እኔ ሆንኩ። ከኋላ አይቀመጡም፤ ከጎኔ ነው። አንድ ቀን ስመልሳቸው፣ «ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው በእነሱ ቋንቋ። «ሲስተሙ መጥቷል ይላሉ። ነገ ሄደን ስሙን እናዙረው።»

«ኧረ ጋሼ! ሲሻልዎት ይደርሳል።»

ደግመው በሌላ ቀን አነሱት። ደግሜ ሲሻልዎት አልኩ። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ትረዱኛላችሁ፤ ለታመመ ሽማግሌ «እሺ፣ ቶሎ እንሂድ» ማለት «ሊሞቱ ነውና ይፍጠኑልኝ» ማለት ነው። እንዲያ ብሎ ማን ዓይናቸውን ያያል? ደግሞም እኔ ከወልድያ ነኝ፣ እሳቸው የአዲግራት ሰው ናቸው። ብቸኩል አላመነችኝም ይላሉ ብዬ ፈራሁ። እንደማምናቸው ላሳያቸው ፈለግኩ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ሰው ሲያስርብ እንጂ ሰው ሲያበላ አላየሁም፤ ይኸን እያወቅኩ ነው እንግዲህ።

ሐምሌ ላይ አረፉ።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ ቤት የሄድኩት በዚያችው በመኪናዋ ነው። በምን ልሂድ? ነገሩ ጭራሽ አልታየኝም። ድንኳኑ ጋ ስደርስ ሴቶቹ ነጯን ቪትዝ አዩ፣ የሰሌዳ ቁጥሯን ያውቁታል፤ ጋብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ፈነዳ። እትዬ ለተብርሃን በሰው ተደግፈው ወጡና ኮፈኑ ላይ ተደፍተው፣ «ጌታዋ የት ሄደ? ልጇ የት ሄደ?» እያሉ አለቀሱ። የአባትም የልጅም ለቅሶ በአንድ መኪና ላይ ተለቀሰ። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ መውረድም መሄድም አልቻልኩም። በመጨረሻ እኔም አለቀስኩ፤ ለእሳቸው ነው ብዬ ጀመርኩት፣ ለማን እንደጨረስኩት እንጃ።

ደሬ ድንኳኑ ውስጥ አገኘኝና ወደ ጥግ ወሰደኝ። «እህቴ፣ ስሚኝ። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናውም አብሮት ይሞታል። መሞታቸውን ግን ቢሮው አያውቅም። ቶሎ ሄደሽ በስምሽ አዙሪው። አለ አትበይ፣ ሞተ አትበይ፤ ወረቀትሽን ስጪና ዝም በይ። ዝም ማለት ይከብድሻል?»

አይከብደኝም አልኩት። ሰውየው ሸጠውልኛል፣ ሒሳባቸውን ወስደዋል፣ ራሳቸውም እናዙረው ብለዋል፤ ምኑ ኃጢአት ነው? መንገዱን ሙሉ ዝም ማለትን እየተለማመድኩ ሄድኩ።

የተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የተቀበለችኝ ልጅ ትሁት ናት። ሊብሬውን አየች፣ ውሉን አየች፣ ውክልናውን አየች።

«ሻጩ አብረውሽ አልመጡም?»

«ውክልና አለኝ።»

«ይበቃል» አለች። ማኅተሙን አነሣች። ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር ለማስተያየት ስሙን ጮክ ብላ አነበበች። «አቶ ገብረሕይወት ተስፋይ...»

«ነፍሳቸውን ይማር» አልኩ።

እኔ አላልኩትም፤ አፌ ነው ያለው። የሞተ ሰው ስም ሲጠራ ሌላ ምን ይባላል? ከልጅነቴ ጀምሮ ስሙ ተጠርቶ ነፍስ ይማር ሳልለው ያለፍኩት ሙት የለም። ልጅቷ ማኅተሙን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ያዘቀዘቅኩትን ነጠላ ያኔ ነው ያየችው መሰለኝ።

«ሞተዋል እንዴ?»

አሁን አልሞቱም ልበል? ነፍሳቸውን ማርልኝ ያልኩትን አምላክ ምን ልበለው?

«ሞተዋል።»

ማኅተሙን ቀስ ብላ ቦታው መለሰች። «ነፍስ ይማር» አለች እሷም፤ ወግ ናትና። ከዚያ፣ «እንግዲህ ሰነዱን ልይዘው ነው። ወራሾቻቸው ከፍርድ ቤት ማረጋገጫ አውጥተው ይምጡ። እስከዚያ መኪናዋን ባታንቀሳቅሻት ይሻላል፤ ቦሎዋም ሊያልፍባት ነው፣ ያለዚህ ወረቀት አይታደስም» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቀችኝ ደግሞ። ብትጮኽብኝ ይቀለኝ ነበር።

መኪናዋን እትዬ ዘነቡ ግቢ አቆምኳት። «ለሰው ነው እንጂ ለመኪና አላከራየሁም፤ የቆመችበትም ይታሰባል» አሉኝ። እሺ አልኩ።

አርባቸው ሳይወጣ የንብረት ነገር ማንሣት ነውር ስለሆነ ጠበቅኩ። ክረምቱ እየወጣ፣ ያጠራቀምኩት እየሳሳ፣ እኔ የሰው አርባ ስጠብቅ ከረምኩ። ፍርድ ቤት በር ላይ የሚጽፉትን ሰውዬ ብጠይቃቸው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉና፣ «ወራሾቹ ሚስትና አንድ ልጅ ከሆኑ ቀላል ነው። ልጁ ይቅረብ» አሉኝ። ጠፍቷል አልኳቸው። «እንዲያ ከሆነ ወይ ይምጣ፣ ወይ መሞቱ በምስክር ይረጋገጥ። መሀል ላይ ያለ ሰው ለፍርድ ቤት አይመችም» አሉኝ።

አርባው በወጣ ማግስት እትዬ ለተብርሃን ቤት ሄድኩ። ምሳ አቀረቡልኝ፤ እምቢ ብል አጎረሱኝ።

«መኪናዋ ያንቺ ናት፤ ገብረሕይወት ሸጦልሻል» አሉኝ እኔ ሳልጀምር። «ፈርሚ ባሉኝ ቦታ እፈርማለሁ።»

«የእርስዎ ብቻ አይበቃም አሉኝ እትዬ።»

«የማን ቀረ?»

ዝም አልኩ። በቢሮው ያቃተኝ ዝምታ ያን ለት መጣልኝ።

ሳህኑን ወደኔ ገፋ አደረጉና፣ «ሞቷል ብዬ ልፈርምልሽ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ወጡ ጨው አነሰው ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁኝ። ብላቸው ኖሮ የሚፈርሙልኝ መሰለኝ፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው።

«ኧረ እትዬ! አይባልም!»

«አንቺም እናት ነሽ» አሉኝ። «አንቺ ግን ልጅሽ ያለችበትን ታውቂዋለሽ።»

ከዚያ በኋላ ያጎረሱኝን አላስታውሰውም። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኝተው መኪናዋ እንዴት ናት ብለው ጠየቁኝ፤ ደኅና ናት አልኳቸው፤ በየቀኑ ሞተሯን አስነሺላት፣ ዳዊት እንዲያ ነበር የሚያደርገው አሉኝ። እሺ አልኩ። ዳግመኛ ስለ ፊርማው አላነሣሁባቸውም፤ አላነሣባቸውምም። ያ ሱፍ የለበሰው ልጅ በዶክተሮቹ ውሸት ሊብሬ በእጄ ያስይዘኝ ነበር። እነዚህ ደጋግ ሰዎች ግን በእውነታቸው አሰሩኝ፤ ልጠላቸው እሞክራለሁ፣ አልሆነልኝም።

ትናንት እናቴ ደወለች። ትምህርት ቤት ምዝገባ ሊዘጋ ነው፤ ልጅቷን እዚህ ላስመዝግባት ወይስ ትወስጃታለሽ ትለኛለች። ትንሽ ጠብቂኝ አልኳት። «እስከ የትኛው መስከረም?» ብላ እንደማትጠይቀኝ ከድምፅዋ ገባኝ፤ አልጠየቀችኝምም። ስልኩን ለቤዛ ሰጠቻት።

«እማ፣ እነ ሜሪ እናትሽ መኪና የላትም አሉኝ።»

«አለኝ እንጂ።»

«አሰሚኛ!»

ወደ ግቢው ወጣሁ። የማይዘጋውን በር ገፍቼ ገባሁ፣ መሪው ሥር ተቀመጥኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁላት።

«እሱ ነው?» አለች። «በጣም አይሰማም!»

ነዳጅ ሰጠኋት። ግቢው በጩኸት ተሞላ። እትዬ ዘነቡ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ምን ጉድ ነው? ማን ነው እዚያ?» እያሉ ይጮኻሉ። ቤዛ በዚያኛው ጫፍ ትስቃለች፣ «አያቴ፣ መጣች! እማ መጣች! ስሚ!» እያለች ትዘላለች።

«እማ!» አለችኝ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «የት ደረስሽ?»

እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ አላነሣሁም።